ዙሀይራ ከማለዲን፣ ፈረሱና የስኳር መጠቅለያው

ዛሬ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እኔ ኃይለልዑል በየነ ጎርፉ፣ የሮቤ ከተማ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ፣ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሰው፣ ስለ ጎረቤቴ ልጅ ስለ ደራሲዋ ዙሀይራ ከማለዲን እጽፋለሁ። ያልመረመርሁትን አልጨምርም።

የአባቷ የከማለዲን ሱቅ ከሱቄ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በልጅነቷ ዘመን ስኳርና ጨው በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጥ ስለነበር አሮጌ መጻሕፍት በኪሎ ገዝተን ቅጠላቸውን እንገነጥል ነበር። የከማለዲንን መጠቅለያ የምታዘጋጀው ዙሀይራ ነበረች። ሳታነብ አትጠቀልልም።

አንድ የገበያ ቀን ሶረቲ የምትባል የአጋርፋ ደንበኛ ስኳር እየጠበቀች ጮኸችባት።

«አንቺ ልጅ፣ እጅሽን ምን ያዘው?»

«ሴትየዋ የሟች ባሏን ፈረስ ልትሸጥ ከቤት እየወጣች ነው።»

«ማል ታኤ? ምን ሆነች? ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትናንት ጨው ተጠቅልሎበት ሄደ።»

«እንግዲያ አንቺ ጨርሺልኝ! ባዶ ስኳር ይዤ ልግባ?»

ዙሀይራ ከራሷ ጨረሰችላት። ከዚያ ወዲህ ደንበኛው ሁሉ ከስኳሩ ጋር ታሪክ የሚጠብቅ ሆነ። እኔ ነገሩን አልወደድሁትም። ነጋዴ ወሬ ሲመርቅ ከሚዛኑ የሚያጎድለው አለ ብዬ ስኳር አስገዝቼ በራሴ ሚዛን መዘንሁ። ልክ ነበር።

ልጅቷ አድጋ ጎባ ላይ አስተማሪ ሆነች፤ ቀጥላም ልብ ወለድ አሳተመች። ምዕራፎቿ አጫጭር ናቸው፤ ደንበኛ ቆሞ የሚሰማውን ያህል። መጽሐፉ የሚጀምረው አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ፈረስ ይዛ ወደ ጎሮ ገበያ ስትወርድ ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያ ቅጠል ትዝ አለኝና ገበያ ውስጥ «ታሪኩ ከማን ተወሰደ?» ብዬ ጠየቅሁ። እኔ ሌባ ናት አላልሁም፤ ሰው ግን አለ። መጽሐፉን በአዳራሽ ልታስመርቅ የተዘጋጀችው የከተማችን የንባብ ማኅበር ሰብሳቢ ምኞት፣ ነገሩ እስኪጣራ ምረቃውን አቆየችው።

ከማለዲን ተቆጥቶ መጣ።

«አንተ ሰው፣ ዝናብ ሲዘንብ እንኳ ማን ላከው ብለህ ትጠይቃለህ። የልጄን ስም ግን ተው!»

«ላኪውን ሳውቅ እተዋለሁ።»

በማግሥቱ ዙሀይራ ራሷ መጣች። አልተቆጣችም።

«ጋሼ ኃይለልዑል፣ ሴትየዋና ፈረሷ ከዚያ ቅጠል ናቸው፤ አልክድም። ገበያ ሳይደርሱ ገጹ አለቀብኝ። ሁልጊዜ የምጽፈው ያልደረሰኝን ገጽ ነው።»

«ሙሉውን መጽሐፍ አላነበብሽም?»

«ወላሂ አላነበብሁም። ጎባ፣ እትዬ እኅተማርያም ቤት አገኘሁት፤ በቅጠሉ አናት ከነበረው ርዕስ ለይቼው ሳልከፍተው መለስሁት።»

«ለምን?»

«ከእኔ በተሻለ ጨርሶት ቢሆንስ? ከዚያ በኋላ መጻፍ የምችል አልመሰለኝም።»

መልሷ ጥርጣሬዬን አባባሰው። እጁ የገባ መጽሐፍ ሳይከፍት የሚመልስ ሰው አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ጎባ ሄድሁ። እትዬ እኅተማርያም በጡረታ ያሉ አስተማሪ ናቸው።

«አንተም እንደ እሷ መጽሐፉን ይዘህ በረንዳዬ ላይ ልትቆዝም ነው?»

«እርስዎ ከፈቀዱልኝ አነባለሁ።»

«ተቀመጥ እንግዲህ። ገጽ ግን በምራቅ አትግለጥብኝ።»

ንባቤ አዝጋሚ ስለሆነ እየተመላለስሁ ጨረስሁት። የተገነጠለ ቅጠል እንዳይኖር የገጾቹን ቁጥር ተከታተልሁ፤ አልጎደለም። ዓይኔ ዘሎ እንደሆነም ብዬ እንደገና አነበብሁት። ምኞት በአዳራሹ ቆመህ መስክር ካለችኝ የምናገረው የሚከተለውን ብቻ ነው። ሴትየዋ በገጽ 61 ፈረሱን ትጭናለች፤ በገጽ 62 ከደጅ ትወጣለች። ገጽ 63 ወደ ወንድሟ የመሬት ክርክር ይዞራል፤ ከዚያ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ፈረሱም ገበያውም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሡም።