ጊሽጣ በግራ እጅ

ባለፈው ቅዳሜ ለዘመድ ሰርግ ሐረር ሄጄ ሸዋ በር ከሚኒባስ እንደወረድኩ፣ በእኔ ዕድሜ ያለች አንዲት ሻጭ ሳልጠይቃት የበሰለ ጊሽጣ መዳፌ ላይ አኖረችልኝ፤ ያ ወፍራም ጣፋጭ ሽታው ገና አፍንጫዬ ሳይደርስ ግራ እጄ ወደ ትከሻዬ ከፍ አለ፣ አንጓው ቀጥ አለ፣ አውራ ጣቴም ሥራ እንደሌለው ሰው ዘና ብሎ ተቀመጠ። እኔ አላዘዝኩትም። ያዘዙት ጋሽ ግርማ ናቸው፣ ያውም ድሮ።

ጋሽ ግርማ በጦር ሠራዊት ባንድ ውስጥ ቫዮሊን ሲጫወቱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ በሙቀትም ቢሆን ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፉ፣ ቀጥ ብለው ሲቆሙ የጀጎልን ግንብ የሚያስንቁ ሰው ነበሩ። ከግንቡ ውጭ ባለው ከተማ፣ ቆርቆሮው በነፋስ በሚንኳኳ አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ያስተምሩን ነበር። ለልጅ የሚሆን ቫዮሊን አንድ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ለጊዜው እኔ እጅ ላይ ነበር፤ ተራቸውን የሚጠብቁ ልጆች ደግሞ በራፉ ላይ ተኮልኩለው የእኔን ጥፋት እንደ ፊልም ያያሉ። ጋሽ ግርማም አንድ ቀን ቁርጡን ነገሩኝ፤ የጊሽጣ ወቅት ሳያልቅ እጄ ካልተስተካከለ ቫዮሊኑ ለሌላ ልጅ ያልፋል።

አቋቋሙን ቶሎ ለምጄው ነበር፤ እግርን ከፈት አድርጎ መቆም፣ አገጭን ሳይጫኑ ማሳረፍ፣ ትከሻን ወደ ጆሮ አለመስቀል አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ አውራ ጣቴ ነበር። ቫዮሊኑ እንዳይወድቅብኝ ስለምፈራ አንገቱን ጨምድጄ እይዘዋለሁ፣ መዳፌ ከሥሩ ይለጠፋል፣ አንጓዬ ይታጠፋል፣ ጣቶቼም ክሩ ላይ መድረስ ያቅታቸዋል። «ልቀቂው እንጂ፣ ዶሮ አይደለም!» ይሉኛል ጋሽ ግርማ።

የሐረር ልጅ ጊሽጣ ሲገዛ መብሰሉን የሚያየው በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ነው፤ ሻጮች ከዚህ የበለጠ የሚጠሉት ነገር የለም። እሳቸው የእኔን በሽታ ከዚህ ልማድ ጋር አዛመዱት መሰለኝ፣ መድኃኒቱንም ከዚያው አወጡት። በትምህርት ቀን ሁሉ ሸዋ በር ገበያ ሄጄ በጣም የበሰለ ጊሽጣ እገዛለሁ፤ በግራ መዳፌ ላይ አድርጌ፣ ክንዴን ከሥር አስገብቼ፣ በትከሻዬ ከፍታ ይዤው እስከ አዳራሹ እሄዳለሁ። የአውራ ጣት ምልክት ከተገኘበት የዚያን ቀን ቫዮሊን የለም።

የሚኒባስ ረዳቶች ሲያዩኝ «አስተናጋጅ፣ ለዚህም ጠረጴዛ አንድ!» እያሉ ይስቁብኛል። ሰው ሲገፋኝ እደነግጣለሁ፣ ስደነግጥ እጫናለሁ። ጋሽ ግርማ ምልክቱን በመነጽራቸው አጣርተው ካዩ በኋላ ጊሽጣውን በእጃቸው ፈልቀቅ ያደርጉና፣ ፍሬውን መሐረባቸው ላይ በሥርዓት እየለቀሙ እፊቴ ይበሉታል። እናቴ «ሰውዬው ቫዮሊን ነው የሚያስተምሩሽ ወይስ ጊሽጣ ነው የሚያስገዙሽ?» ትል ነበር።

ወቅቱ ሊያልቅ ሲል፣ የመጨረሻው ቀን ደረሰ። ሁልጊዜ የምገዛው ከገጠር ፍራፍሬ ይዛ ከምትመጣ፣ አዴ ዘይነባ ከምትባል ሴት ነበር፤ አዴ በእኛ አገር እናት ማለት ነው። ፊቷ ቆሜ እንባዬ መጣ።

«ምን ሆንሽ አቦ? ሰው ሞተ እንዴ?» አለችኝ።

ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ቅርጫቷን እስከ ታች ስትበረብር ቆይታ አንዱን አወጣችና መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። «ቢስሚላህ በይና ሂጂ። ዛሬ አላህ ካንቺ ጋር ነው።»

አዳራሹ ስደርስ ጋሽ ግርማ ጊሽጣውን አገላብጠው አዩት። ምልክት የለም። ከመነጽራቸው በላይ እኔንም ረዘም ላለ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ከኪሳቸው ሰንጢ አውጥተው ለሁለት ከፈሉትና ግማሹን ሰጡኝ። አልጣመኝም፤ ደስታው ጣዕሜን የወሰደብኝ መሰለኝ። እሳቸው ግን «ግሩም ጊሽጣ ነው» አሉና ቫዮሊኑን አቀበሉኝ።

አውራ ጣቴ በእውነት የተፈታው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ እኔም ሳላውቀው ነው። ዛሬ የምበላው እንጀራ የዚያ እጅ ነው፤ ልጆች ቫዮሊን አስተምራለሁ፣ የቫዮሊኑን አንገት ጨመደድክ ብዬ ማንንም አላባርርም።

ቅዳሜ ዕለት ሻጯ እጄን ስታይ ቆይታ «አንቺ አትጫኚም እንዴ? ሰው ሁሉ ይጫናል» አለችኝ። አዴ ዘይነባ የምትባል ሴት እዚህ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። «እናቴ ናት፣ አላህ ይርሐማት» አለችና ድንገት አፏን ያዘች። «የሙዚቃዋ ልጅ! ወላሂ፣ አንቺ ነሽ? ስታለቅስ አሳዘነችኝ፣ ድንጋይ የመሰለ ጥሬ ፈልጌ ሰጠኋት እያለች ስታስቀን ነው የኖረችው!»

አብሬያት ሳቅሁ፣ ዓይኔ ግን ሞላ። አዴ ዘይነባ የለችም። ጋሽ ግርማ ካረፉ ቆይተዋል፣ አዳራሹም ፈርሶ በቦታው ሌላ ሕንፃ ቆሟል፤ ውለታችሁ አለብኝ የምለው ሰው አጣሁ። ጊሽጣውን እንደያዝኩ ያ ሰንጢ ታወሰኝ። ጋሽ ግርማ የበሰለ ጊሽጣ በሰንጢ ከፍለው አያውቁም ነበር። ጥሬ ጊሽጣ የቀመሰ ሰው እንዴት ጉሮሮ እንደሚይዝ ያውቃል፤ እሳቸው ግን እፊቴ ቆመው፣ እየጣመው እንደሚበላ ሰው፣ ድርሻቸውን እስከ ልጣጩ ጨረሱት።