ሀገር የሰጠሁባቸው ቃላት

አቦምሳን ለባሌ የሰጠሁት «ፍሩጋል» በምትባል አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። መቂን «ሪላክታንት» ወሰደብኝ። ዓለም ጤናን ግን በእልህ ነው ያስረከብኩት፤ ቃሉን አውቀው ነበር፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ቆሞ አልወጣ አለኝ እንጂ። እንዲህ ስናወራ የሰማን ሰው ያበድን ይመስለዋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እኔ አዳማ ጤና ጣቢያ ውስጥ የምሠራ ነርስ ነኝ። ባሌ የሒሳብ መምህር ነው፤ የሚያስተምረው ዓለም ጤና ከተማ ስለሆነ ሰኞ ማለዳ ይሄዳል፣ ዓርብ ይመለሳል። አንዲት ሴት ልጅ አለችን፤ ገና መዋዕለ ሕፃናት ናት፣ አፏ ግን የባልቴት ነው። ሁለታችንም ማስተርስ መማር እንመኝ ነበር። ለዚያ አሁን የመግቢያ ፈተና አለ፤ እሱን ያላለፈ ሰው ዩኒቨርሲቲ አይቀበለውም። ትምህርቱ ቅዳሜና እሁድ ነው፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ልጅቷን የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። አቅማችንም ቢሆን ከአንድ ሰው ክፍያ አያልፍም። ስለዚህ ቁጭ ብለን ተመካከርን፦ ሁለታችንም እንፈተን፣ ያለፈ ይማር፣ የወደቀ ልጅ ይያዝ። «ሁለታችንም ብናልፍስ?» ብሎ የጠየቀ የለም። አንዳችን ብናልፍ ራሱ ተመስገን ነበር።

የፈራነው እንግሊዝኛውን ነው። ሒሳቡን እሱ ያስተምረዋል፣ እኔም አላንስም። እንግሊዝኛው ግን ተመሳሳዩን ምረጥ፣ ተቃራኒውን ምረጥ፣ ክፍት ቦታውን ሙላ ነው፤ ቃላቱ ደግሞ በዓይናችን አይተናቸው የማናውቃቸው። እኛም ከተማው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግን። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን ተባዝቶ የሚሸጠውን ወረቀት ገዛን። በግራ አንድ ቃል፣ በቀኝ የእሱ ብጤዎች ተደርድረው፣ ከጎናቸው አንድ የአማርኛ ትርጉም። እኛ አገር ማጥናት ማለት መሸምደድ ነው፤ በሽምደዳ ደግሞ ማን እንደ እኔ! ነርሲንግ ስማር የአጥንት ስሞችን እንደ ውዳሴ ማርያም ነበር የማነበንባቸው። እነዚህንም እንዲሁ ያዝኳቸው። መርፌ እየወጋሁ በሆዴ «አበንደንት፣ አምፕል፣ ኮፒየስ፣ ፕለንቲፉል፤ ብዙ ማለት ነው» እላለሁ።

ከዕለታት አንድ ቀን የውጭ እንግዶች ጤና ጣቢያችንን ሊጎበኙ መጡ። አዳማ የስብሰባ ከተማ አይደለች? ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰለቸውን ሁሉ እኛ ጋ ያመጡታል። አንዷ ፈረንጅ ተራ የሚጠብቁትን እርጉዝ እናቶች እያየች ሁልጊዜ እንዲህ ሰው ይበዛ እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለፋሁበት ቀን ደረሰ አልኩ በልቤ። ደረቴን ነፍቼ «ዘ ማዘርስ ሂር አር ኮፒየስ!» አልኳት። ሴትዮዋ ዞር ብላ እናቶቹን አየች። መልሳ እኔን አየችኝ። ከዚያ ፈገግ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ «ሜኒ?» አለችኝ። ሜኒ! ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ቃል! ኋላ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ሳይ ኮፒየስ የሚባለው ለሚፈስ ነገር ነው፤ ለደም፣ ለላብ፣ ለእንባ። እኔ ያንን ሁሉ እርጉዝ አፍስሼው ኖሯል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

አመሻሽ ላይ ዓለም ጤና ደወልኩለት። «ወረቀቱን ቀድጄ ጥዬዋለሁ፤ እኔ ይሄን ፈተና አልፈተንም» አልኩት። ምን እንደሆንኩ ስነግረው ሳቀ። ይባስ ብሎ ሳቀ! እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ስልኩን ልዘጋበት ስል፣ «ቆይ፣ እኔም የባሰ አለኝ» ብሎ እስከዚያን ቀን ነግሮኝ የማያውቀውን ነገረኝ።

ባሌ የአቦምሳ ልጅ ነው። ያደገው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የለመደው ከፍ ካለ በኋላ፣ በትምህርት ቤትና በከተማ ነው። ለኮሌጅ አዳማ እንደመጣ፣ የተከራየበት ግቢ ባለቤት አረፉ። እሱም ወግ አይቅርብኝ ብሎ ከጎረቤት ጋር ለቅሶ ቤት ሄደ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ነጠላ ለብሶ ተሰብስቧል፣ ምግብ ይዞራል። እሱ ደግሞ ባለፈው በዓል እንዲህ ተሰብስበው ሲያይ የሚባለውን ሰምቶ ይዟል። ድንኳኑ በራፍ ላይ ቆሞ፣ እጅ ነስቶ፣ በጠራ ድምፅ «እንኳን አደረሳችሁ!» አላቸዋ። ሴቶቹ ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «አብሮ ያድርሰን ልጄ፣ ና ተቀመጥ» አሉት። እኔ ይሄን ስሰማ በሳቅ ጎኔን ይዤ ወለሉ ላይ ተዘረገፍኩ።

«ቃሉ ምንም ጥፋት አልነበረበትም» አለኝ፤ «የገባበት ቤት ነው የተሳሳተው። ከዚያ ወዲህ አንድ የአማርኛ ቃል ስሰማ ትርጉሙን ብቻ አልይዝም። ማን፣ ለማን፣ የት ሆኖ እንዳለው ነው የምይዘው። እንግሊዝኛውንም እንደዚያ ካልያዝነው ዋጋ የለውም።»

እውነቱን ነው። እኛስ «ሞተ»ና «አረፈ» አንድ ነው ብለን የጎረቤት በግ አረፈ እንላለን እንዴ? ይሄ ሰውዬ አንዳንዴ ደህና ነገር ይናገራል። ብቻ ፊት ለፊት አልነግረውም፣ ይኮራብኛል።

ያን ዕለት ነው እንቆቅልሽ እንጫወት ያልኩት። ሕጉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ መልሱ የጠፋው ሰው ሀገር ይሰጣል፣ ያሸነፈው የተሰጠው ሀገር ገብቶ በልቶ ጠጥቶ ተሸናፊውን ይሰድበዋል። እኛ ግን አንድ ነገር ጨመርንበት። አሸናፊው ያቺን ቃል ለዚያች ከተማ በሚሆን አረፍተ ነገር ካላስገባ ከተማዋ ውስጥ አይገባም። አረፍተ ነገሩ ሰው የማይለው ዓይነት ከሆነ ሀገሪቱ ለባለቤቷ ትመለሳለች። ዳኛችን ስልክ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ነው። አዳማን መስጠት ደግሞ ክልክል ነው፤ የምንተኛበት ያስፈልገናላ።

«እንቆቅልሽ!» ይለኛል ከዓለም ጤና።

«ምን አውቅልህ!» እላለሁ ሽሮ እያማሰልኩ።

«‹ስቲንጂ›፣ ንፉግ ማለት ነው፤ ከእሱ ጋር የሚቀራረብ፣ ግን ስድብ ያልሆነ!»

አሰብኩ፣ አሰብኩ፣ የለም። «ሀገር ስጪኝ!» አለኝ። እኔም አውቄ «አቦምሳን ውሰድ» አልኩት። «የእናቴን አገር ለእኔው?» ብሎ ተንጫጫ፤ ወሰዳት ግን። «እናቴ ፍሩጋል ናት» አለ። «ሳሙናዋ ሲያልቅ ቁራጩን ከአዲሱ ጋር ታጣብቀዋለች። ስቲንጂ ብላት ከቤት ታባርረኛለች፤ ፍሩጋል ብላት ትመርቀኛለች። ቁጠባው ያው ነው፤ ስሙ ግን አንዱ ያስከብራል፣ አንዱ ያዋርዳል።» ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍሩጋልን ስሰማ አማቴና ሳሙናዋ ነው የሚታዩኝ።

በ«ሪላክታንት» ተጣላን። መቂ ገብቶ፣ ሽንኩርት አምራቹ ዋጋ ሲወርድ ለመሸጥ ሪላክታንት ነው አለ። «እምቢ አለ ማለት ነው?» ስለው፣ «እምቢማ ቢል ሽንኩርቱ ይበሰብስበታል፤ ይሸጣል፣ ልቡ ግን አይፈቅድም፣ እያቅማማ ነው» አለኝ። ክርክሩን መዝገበ ቃላቱ ለእሱ ፈረደለት። እኔም ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ሻሸመኔን በ«ባስሊንግ» ቀምቼዋለሁ። መንገዱ ከአራቱም አቅጣጫ፣ ከባድ መኪናው፣ ነጋዴው፣ ሲራኮት የሚውል ገበያ፤ ቃሏ ለእሷ የተሰፋች ነው የምትመስለው። ልጃችን ስፒከሩን ሰምታ «እኔም ሀገር ስጡኝ!» እያለች ስትነተርከን ሶደሬን ሰጠናት፤ መዋኛ አለው። ከዚያ በኋላ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ሶደሬ የኔ ናት» ትላለች።

ፈተናው ሲቃረብ ግን አንድ ነገር መሸተት ጀመረኝ። ባሌ መሸነፍ አበዛ። አንድ ዓርብ ከዓለም ጤና እንደገባ ጫማውን ሳያወልቅ «የሪላክታንት ተቃራኒ?» አልኩት። ጣራ ጣራ አየና «ጠፋኝ፣ ባቱ ከተማን ውሰጂ» አለ። እንዴ! ያቺን ቃል ከነተቃራኒዋ ያስተማረኝ ሰው!

«ልትለቅልኝ ነው አይደል?»

«ደክሞኝ ነው።»

«አትዋሸኝ! ታዝንልኛለህ? እኔ ምስኪን ነኝ?» ደሜ ፈላ። አንድ ነገር ነው የፈራሁት፦ ፈተናው ላይም እንዲሁ አውቆ እንዳይወድቅልኝ። የሚያደርገው ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ልብ ነው ያለው። «ስማኝ» አልኩት፤ «አውቀህ ብትወድቅና እኔ ባልፍ፣ አልማርም። በልጄ ነው የምምልልህ። በምጽዋት ዩኒቨርሲቲ አልገባም።»

አጎንብሶ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ከዚያ «ቶሌ» አለኝ፤ እሺ ማለቱ ነው። ጫማውን አውልቆ ተቀመጠና ባቱን አስመለሰ፣ አርሲ ነገሌን ወሰደ፣ ያቺን የምወዳትን ሻሸመኔንም ነጠቀኝ። ተናደድኩ። አንጀቴ ደግሞ ቅቤ ጠጣ።

ፈተናውን በአንድ ቀን፣ በተለያየ አዳራሽ ተፈተንን። ውጭው የአዳማ ንፋስ አቧራውን እያነሳ ያፈርጠዋል፣ ውስጥ ሰው ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሯል። የማላውቃቸው ቃላት ነበሩ፤ አልዋሽም። የማውቃቸው ግን እንደ ወረቀቱ ዘመን ተሰልፈው አልመጡም። የት እንደተዋወቅን ትዝ ይለኝ ነበር። አራት ምርጫ ተቀምጦ ሁለቱ «ብዙ» ሲሉ፣ የትኛው ለሰው የትኛው ለውሃ እንደሚሆን ገብቶኝ መረጥኩ። ስወጣ ፊቴ ይስቃል።

ውጤቱ እሁድ ከሰዓት ወጣ ተባለ። ኔትወርኩ እንደልማዱ ይሄዳል ይመጣል። ልጅቷ መሐላችን ተቀምጣለች። መጀመሪያ የእሱ ተከፈተ፤ አልፏል። ደስ ይበለኝ ልደንግጥ እኔም አላወቅሁም። ቀጥሎ የእኔ ተከፈተ። አልፌያለሁ! ጮህኩ፣ እሱም ጮኸ፣ ልጅቷ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ሶፋው ላይ ወጥታ ዘለለች። ተቃቀፍን፣ ተሳሳምን። ከዚያ ስምምነታችን ትዝ አለን። ያለፈ ይማር ነበር ያልነው። ሁለታችንም አልፈናል። እሱ ደግሞ ትንሽ በልጦኛል።

«አንቺ ትሄጃለሽ» አለኝ።

«ኧረ አንተ ሂድ፣ የበለጥከው አንተ ነህ።»

«አይሆንም፣ አንቺ ቅደሚ።»

«በሞቴ፣ አንተ ቅደም።»

በራፍ ላይ ተገናኝተው «ግባ፣ ኧረ አንተ ግባ» እንደሚባባሉ ሰዎች ሆንን። ሁለታችንም ይህን ስንል ዓይን ለዓይን አንተያይም። እኔ «አንተ ቅደም» ስል ውስጤ እያረረ ነበር። እሺ ቢለኝ እኮ ፈገግ ብዬ እመርቀዋለሁ፤ ከዚያ ጓዳ ገብቼ አለቅሳለሁ፤ ከዚያ በየቅዳሜው ሲወጣ ባየሁት ቁጥር ቂም ይዤ እኖራለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ። ያደግሁት ደግሞ «እኔ ልቅደም» ማለት ነውር ነው፣ ለሴት ደግሞ የባሰ ነውር ነው እየተባልኩ ነው።

«ቆይ» አልኩት። «እኔ መማር እፈልጋለሁ። ዘንድሮ። አንተ ስለሰጠኸኝ አይደለም፣ ስለምፈልገው ነው። እኔ ልቅደም።»

ቀና ብሎ አየኝ። የሚቀየመኝ መስሎኝ ነበር። ልጅቷን ከሶፋው አውርዶ እቅፉ ውስጥ አስቀመጣት።

«እኔም እፈልጋለሁ» አለኝ በመጨረሻ። ድምፁ ተሰበረ። «በጣም ነው የምፈልገው። ‹አንቺ ቅደሚ› ስልሽ ልቤ አልነበረም።»

ከተጋባን ጀምሮ ለራሱ አንድ ነገር እፈልጋለሁ ብሎኝ አያውቅም። ሁልጊዜ «ለእኔ ግድ የለም» ነው። አለቀስኩ፤ እሱም ዓይኑን በእጁ ጠረገ።

«ዘንድሮ አንቺ ተማሪ» አለኝ። «ስትጨርሺ ግን የእኔ ተራ ነው። ፈተናውን እንደገና ተፈተን ቢሉኝም እፈተናለሁ። ያኔ አንቺ ቅደሚ የሚል ሰው አታገኚም።»

«እንዳትል!» አልኩት። «ብትል እንጣላለን።»

በሳምንቱ ተመዘገብኩ። የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ልወጣ ስል የልጅቷን ፀጉር እያበጠረ ነበር፤ አጣሞ ነው የከፈለው። «እንዲህ ሆና ልትውል ነው?» ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«ረፈደብሽ፣ ውጪ!» አለኝ ማበጠሪያውን እያወዛወዘ። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ።