ቀይ ጨርቅ የተነቀለበት ማሳ

ባለፈው እሑድ የልጄ ልጅ ሜሮን አዳማ ቤቴ መጥታ የጦርነት ፊልም ስታይ ዋለች። ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ አፈር ይበተናል።

«እማማ፣ ካሜራውን ይዘው ስለሚሮጡ እኮ ነው እውነት የሚመስለው» አለችኝ።

አውቃለሁ አልኳት። እኔም አንድ ጊዜ ተቀርጫለሁ።

ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። መቂ፣ ሽንኩርት በሚነቀልበት በጋ፣ ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ከሰፈራችን ሠላሳ የምንሆነውን መርጠው ጦርነት የሚሸሹ ሰዎች አደረጉን። ካሜራውን መሬት አስጠግተው ሲቀርጹ ሠላሳ ሰው አገር ሙሉ ይመስላል። ጎማ አቃጥለው ሰማዩን አጠቆሩት። ለደም የበሰበሰ ቲማቲም ቀቡንና ዝንብ ወረረን።

«አንቺ ልጅ፣ ሳትሞቺ ወጥ ሆንሽ» አለችኝ ጎረቤታችን ዘነቡ።

ማሳው ውስጥ ባሩድ የተቀበረባቸው፣ ገለባ የለበሱ ጉድጓዶች ነበሩ። በእያንዳንዱ ላይ ቀይ ጨርቅ ተተክሎ፣ በየት በኩል እንደምንሮጥ ከጠዋት ጀምሮ አለማመዱን። ከዚያ ዳይሬክተሩ ጨርቁ ፊልሙ ላይ እንዳይታይ አስነቀለና «አሁን ኡኡ በሉ» አለን።

አልን። የእኛ አገር ሰው ግን ኡኡታ ሰምቶ አይቀመጥም። እሳትም ይሁን ጅብ፣ የሰማ ሁሉ ያገኘውን ይዞ ይደርሳል። ይህን ማናችንም አላሰብንም።

የመጀመሪያው ባሩድ ሲፈነዳ ጆሮዬ ጭው አለ። ቀና ስል አባቴ ዶማውን ይዞ፣ ማሳውን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ወደ እኔ ይሮጣል። ከሁሩታ የስንዴ ዘር ገዝቶ ገና መግባቱ ነው፤ ስለ ፊልሙ የነገረው የለም። ባሩዱን በሽቦ የሚያፈነዳው ሰውዬ ደግሞ በጭሱ ውስጥ አላየውም።

«አባዬ፣ ቁም! በዚያ አትምጣ!»

ጩኸቴ ይብስ አስሮጠው። ዝም ብል ሞታለች ሊል ነው። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እያለቀስኩ እልል አልኩ። ደግሜ እልል አልኩ። ለሞተ ሰው እልል አይባልምና አባቴ ግራ ገብቶት ቆመ። ከፊቱ ሁለት እርምጃ ርቆ መሬቱ ፈነዳ። አፈሩ ሲወርድ እዚያው ቆሟል፣ ዶማው ከእጁ ወድቋል።

ዳይሬክተሩ «እልልታዋ አበላሸው እንጂ ግሩም ነበር። እንደግመዋለን» አለ።

ሄጄ ካሜራው ፊት ተቀመጥኩ። «ጨርቁ ይመለስ። እዚህ ዙሪያ ያለ ሰውም ሁሉ ይነገረው።»

«ልጄ፣ ጨርቁ ከታየ ማን ያምነናል?»

«አባቴ አምኖዎታል።»

ዘነቡ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጨርቁን መልሰው፣ በየማሳው ሰው ልከው እስኪያስነግሩ ድረስ አልተነሣንም።

በኋላ ፊልሙ ናዝሬት ሲኒማ ቤት ታየ። የእኔን እልልታ ቆርጠው የአባቴን ሩጫ ግን እንዳለ አሳይተውታል። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰው «ይሄ ሽማግሌ ትወና ይችላል» አለ። ዞሬ «አልተወነም» አልኩት። አላመነኝም።

ሜሮንን ፊልሙን አጥፊው አላልኳትም። ግን እስከ ዛሬ ፊልም ላይ ሰው ሲሮጥ ካየሁ ፊቱን ማየት አልችልም። ዓይኔ እግሩ ሊያርፍበት ወዳለው መሬት ይሄዳል።