ከኩላብ የወረደው መጽሐፍ

ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ። ቆዳ፣ ጭስና የከረመ ብራና አንድ ላይ ሲሸቱ ሌላ ምንም ነገር አይመስሉም፤ ፍኖተ ሰላም፣ የልጅ ልጄ የህሊና አዲስ ቤት፣ ቀለሙ ገና እጅ በሚይዘው ሳሎን ቁጭ ብዬ ሳለሁ ያ ሽታ ሲመጣብኝ አባቴ ከበር የገቡ መሰለኝ። አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል፤ የሸተተኝ የጸሎት መጽሐፋቸው ነበር። ህሊና ከቆዳ ማኅደሩ አውጥታ በጨርቅ ትወለውለዋለች።

እኔ ከልጅ ወደ ልጅ እየዞርኩ የምኖር ሴት ነኝ። ቡሬ ሲሰለቸኝ ደምበጫ፣ ደምበጫ ሲሰለቸኝ ፍኖተ ሰላም፤ ከረጢቴን አንጠልጥዬ ሚኒባስ መሳፈር ነው። በዚህ ሁሉ ዙረት ያ መጽሐፍ ከእጄ ተለይቶ አያውቅም፤ ህሊና ቤት ስትሠራ ግን «እማየ፣ እኔ ዘንድ ይቀመጥልዎ፣ አሳምሬ ነው የማስቀምጠው» ስላለችኝ እሺ አልኩ።

ማሳመሩን አየሁት። አናጢ አምጥታ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ መደርደሪያ አሠርታለች፤ በየጠርዙ ትንንሽ መብራት ተቀጣጥሎበታል፤ መጻሕፍቱን ግን ሁሉንም ስማቸው የተጻፈበትን ወደ ግድግዳ አዙራ ደርድራቸዋለች፤ የሚታየው የወረቀታቸው ጠርዝ ብቻ ነው። ጥፋት ሠርተው ጥግ እንዲቆሙ የተፈረደባቸው ልጆች መሰሉኝ። ለምን ብላት ቀለማቸው እርስ በርሱ ስለማይስማማ ነው፣ ስልኳ ላይ ያሉት ቆንጆ ቤቶች ሁሉ እንደዚያ ናቸው አለችኝ። የተፈለገው መጽሐፍ በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅሁ። «እማየ ደግሞ፣ ማን ይፈልገዋል?» ብላ ሳቀች። የአባቴንም መጽሐፍ ወንበር ላይ ቆማ ከሁሉ በላይ፣ ጣሪያው ሥር፣ ከፕላስቲክ አበባ ጎን አስቀመጠችው። ቅዳሜ ቤቱን ሊያዩ የሚመጡ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ዓይን እንዲያርፍበት ነው። «የቤቱ ጌጥ እሱ ነው» አለችኝ። ከታች ሆኜ እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩም። ልጅ ሆኜም አልደርስም ነበር።

የተወለድኩት ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ከጓሯችን ዋርካ ሥር የሰፈሩን ወንዶች ልጆች ፊደል ያስቆጥራሉ። ቤታችን ክዳኑ ሣር፣ ግድግዳው ጭቃ ነው፤ መጻሕፍት የሚባሉት አራት ነበሩ፤ አራቱም በየማኅደራቸው ገብተው ግድግዳው ላይ ከተሰካ ኩላብ በጠፍር ተንጠልጥለው ይውላሉ። ያን ያህል ከፍ ብለው የሚሰቀሉት ለአይጥ ነው ይባላል፣ ለእርጥበት ነው ይባላል፤ ለእኔም ጭምር እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከኩላቦቹ በታች ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ የጭቃ መደርደሪያ አለ፤ ቅሉ፣ ገንቦው፣ የቅቤው ዕቃ እዚያ ይደረደራል። ላይኛው የአባቴ አገር፣ ታችኛው የእናቴ አገር ነው፤ ከጭስ በቀር ድንበሩን የሚሻገር አልነበረም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አደዩ ብቅ ሲል፣ ቤት መምረግ የሴት ሥራ ነው። እበቱን ከአመድና ከጤፍ ጭድ ጋር በእግሬ እየረገጥኩ፣ ጭቃው በጣቶቼ መካከል ሲሾልክ እየሳቅኩ፣ ከእናቴ ጋር ግድግዳውን እንለስናለን፤ ከዚያ በነጭ አፈር ይለቀለቅና እርጥቡ ላይ በጣት ጌጥ ይሣልበታል፤ የዓሣ አጥንት የመሰለ፣ የቀሚስ ጥልፍ የመሰለ። እጄ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነበር፤ ጎረቤቶቻችን እንኳ «ያችን ልጅ አውሰን» ብለው ይልኩብን ነበር።

የውጭውን ግድግዳ የምመርገው ከአባቴ ተማሪዎች ጀርባ ቆሜ ነው። አባቴ በስንደዶ ፊደሉን እየነኩ ይጠራሉ፣ ልጆቹ ይጮኻሉ፣ እኔ ከኋላ ምርጊቴን እየለሰንኩ አያለሁ። ዞር በይ ያለኝ የለም፤ ጭቃ የያዘችን የስምንት ዓመት ልጅ ማን ይጠረጥራል? አንዷን ፊደል በርጩማ፣ አንዷን ወገቧን ይዛ የቆመች ሴት እያልኩ በልቤ ያዝኳቸው። ከዚያ በኋላ እጄ አላስቀመጠኝም። የመደርደሪያውን ፊት ሳስጌጥ በዓሣ አጥንቱ መሐል አንዳንድ ፊደል ጣል ማድረግ ጀመርኩ። እናቴ ፊደል አታውቅም፤ «ይችስ ታምራለች፣ ከየት አመጣሻት?» ስትለኝ «ከራሴ» እላታለሁ። አባቴም ወደ ቅልና ገንቦ አገር ዓይናቸውን አይጥሉም።

ነገሩ የወጣው በታቦቱ ንግሥ ቀን ነው። ከሌላ ደብር የመጡ፣ ምላሳቸው የተሳለ አንድ መምህር ጠላቸውን ይዘው ግድግዳውን ትክ ብለው ሲያዩ ቆዩና «መሪጌታ፣ ጉድ ነው! የእርስዎ ግድግዳ ከተማሪዎችዎ ቀድሞ ፊደል ቆጥሯል» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አባቴ ግን አልሳቁም።

እንግዶቹ ሲሄዱ ጠሩኝ። «ፊደል እበት ላይ ይጻፋል?» አሉኝ። ሴት ልጅ ናት ብለው አይደለም የተቆጡት፣ ወይም እሱን አልተናገሩትም፤ እበቱን ነው ያነሡት። እኔም ከየት እንደመጣብኝ እንጃ፣ «ብራናውስ ፍየል አልነበረም ወይ?» አልኳቸው። እናቴ ጭኔን እስኪበልዝ ቆነጠጠችኝ። ጥፊ ይመጣል ብዬ ጉንጬን አዘጋጅቼ ቆምኩ። አባቴ ግን «መርጊበት» አሉና ወጡ።

መረግሁበት፤ የታዘዘ ይፈጸማል። ከመምረጌ በፊት ግን የእናቴን ወስፌ አንሥቼ እያንዳንዱን ፊደል ጠልቆ እስኪገባ ቆፈርኩት። ምርጊቱ ሲደርቅ የተቆፈረው ቦታ ሰርጎድ ሰርጎድ አለና ፊደሎቼ እንደገና ብቅ አሉ። አባቴ አዩ። «መርጊበት» አሉ። በወስፌው ቆፍሬ መረግሁ፤ ደረቀ፤ ብቅ አሉ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ምንም አላሉም፤ እኔም ዝምታቸውን አይቼ አዲስ ፊደል ጨመርኩበት።

አንድ ጧት አባቴ ጸሎታቸውን ጨርሰው መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ መለሱና እንደ ልማዳቸው ወደ ኩላቡ ከፍ አደረጉት። እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቆየ። ከዚያ አወረዱት፤ ቅሉን ገፋ፣ ገንቦውን ገፋ አድርገው የእናቴ መደርደሪያ ላይ፣ በእኔ ቁመት ልክ አስቀመጡት። «እጅሽን ታጥበሽ» አሉኝ። ከዚያም ወዲህ አንድ ቀን ቁጭ አድርገው አላስተማሩኝም፤ መጽሐፉ ግን ወደ ኩላቡ ተመልሶ አልወጣም።

ያ ቤት ዛሬ የለም። ወንድሜ ቆርቆሮ ቤት ሲሠራ አፈረሰው፤ ግድግዳው አፈር ሆኖ በቆሎ ተዘራበት። ባለፈው ክረምት ሄጄ በበቆሎው መሐል ቆሜ መሬት መሬቱን ሳይ የወንድሜ ሚስት «ምን ጠፍቶብዎ ነው?» አለችኝ። የእናቴ ጣት ያረፈበት አንድ ጓል አልተረፈም። ከአራቱ መጻሕፍት አንዱን አይጥ፣ አንዱን እሳት፣ አንዱን ሰው ወሰደው። የተረፍነው አንዱ መጽሐፍና እኔ ነን፤ የትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ይህን የምጽፈውም በዚያ እበት ላይ በተማርኩት ፊደል ነው። ታዲያ ያ መጽሐፍ ተመልሶ ጣሪያ ሥር ሲሰቀል ዝም የምል ይመስላችኋል?

ቅዳሜ ጧት ህሊና ገበያ ስትወጣ እጄ የደረሰበትን መጽሐፍ ሁሉ አንድ በአንድ ፊቱን አዞርኩት። ቀዩ ከአረንጓዴው፣ ወፍራሙ ከቀጭኑ ተጋፋ፤ መደርደሪያው የቡሬ ገበያ መሰለ። ስትመለስ ዘንቢሏን ጣለችው።

«እማየ! ምን አደረጉኝ?»

«እንግዳ ሊመጣ አይደል? ጀርባውን ሰጥቶ እንግዳ የሚቀበል በእኛ ቤት አልነበረም» አልኳት። «አሁን ያን አውርጅልኝ።»

«ፎቶ ላይ እኮ እዚያ ነው የሚያምረው።»

«ካላወረድሽው እኔ ወንበሩ ላይ እወጣለሁ፤ ከወደቅሁ ለጓደኞችሽ የምታስረጅው አንች ነሽ።»

አየችኝ፤ እየቀለድኩ እንዳልሆነ ገባት። እየተነጫነጨች ወንበሩን ሳበች፤ ወጣች፤ እጇን ስትዘረጋ «ቆይ፣ መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ» አልኳት። ወርዳ ታጥባ፣ ተመልሳ አወረደችው። ላይኛውን ለፕላስቲክ አበባው ተውኩለት።

«እሺ የት ላድርገው?» አለች፣ መጽሐፉን እንደ ሕፃን ታቅፋ።

ጎንበስ ብዬ መዳፌን ከወገቤ ዝቅ ካለው መደርደሪያ ላይ አሳረፍኩ፤ የስምንት ዓመት ልጅ እጅ የሚደርስበት ላይ።

«እዚህ።»