ለአራት የተከፈለው ድምፅ

ሽማግሌ የሚከሰስበት ችሎት ቢኖር፣ የአባቴን ንብረት ያከፋፈሉትን ሦስቱን ሽማግሌዎች አቆማቸው ነበር። አልሰረቁም፤ አላዳሉም። ጥፋታቸው እኩል ማካፈላቸው ነው።

አባቴ አናጺ ነበር። ኮልፌ ውስጥ እሱ የገጠመው በር የሌለበት ሰፈር ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ ቤቱን እሱ ያደሰለት ፈረንጅ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲመለስ ሪሲቨሩን ሸጠለት። ዛሬ ሪሲቨር ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው የዲሹን ነው፤ ይኼ ግን ሬዲዮውም ማጉያውም አንድ ላይ የሆነ፣ አንድ ሰው ሲያነሳው የሚያቃስትበት የድሮ ዕቃ ነው። ሲበራ የጣቢያዎቹ ቁጥር በሰማያዊ ብርሃን ይታያል። ልዩ የሚያደርገው ድምፁን በአራት መስመር ማውጣቱ ነው። ሌላው ቴፕ ከፊት ለፊትህ ብቻ ይጮህብሃል፤ ይኼኛው ሁለት ስፒከር ከፊት፣ ሁለት ከኋላ አድርጎ መሃል ያስቀምጥሃል። ዘፋኙ ከፊት ይመጣል፤ ጭብጨባው ከጀርባህ ይገባል። ፊቱ ላይ አውራ ጣት የምታክል ዘንግ አለችው፤ እሷን ገፋ ሲያደርጓት ድምፁ ወደተፈለገው ማዕዘን ይሄዳል።

አባቴ የካሴት ማጫወቻ ቀጠለበት፤ ለአራቱም ስፒከር የዋንዛ ሳጥን ሠራ። የሳሎኑን መሃል በሜትር ለክቶ የእናቴን ወንበር እዚያ አኖረ። እሑድ ከምሳ በኋላ እዚያ የምትቀመጠው እሷ ብቻ ነበረች፤ እኛ ልጆቹ ግድግዳ ተደግፈን ነው የምንሰማው። እናቴ ዓይኗን ጨፍና "አሁን ከኋላዬ መጣ" ስትል፣ አባቴ ራሱ የዘፈነ ያህል ይኮራ ነበር።

የአባቴ አርባ እንዳለፈ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ቤቱን ለእናታችን ብለው ሳሎን ደረሱ። አንደኛው ሳጥኖቹን በከዘራው እየጠቆመ ቆጠረና፣ "እናንተ አራት፣ እነሱም አራት። እግዜር ራሱ አካፍሎታል፤ እኛ ምን እንጨምራለን?" አለ። ሁለቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሪሲቨሩ ለበኩሩ፣ ለእኔ ተባለ።

"አባቶቼ፣ ይኼ ዕቃ ተነጣጥሎ አይሆንም እኮ" አልኳቸው።

"ልጄ፣ የአባት መታሰቢያ ይሆናል አይሆንም አይባልበትም" ብለው አስቀመጡኝ።

እህቴና ሁለቱ ወንድሞቼ ሳጥናቸውን ዕለቱኑ በታክሲ ጭነው ሄዱ። የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባል የለ፤ እኔም ድርሻዬን ይዤ እናቴ ጋ እዚያው ቤት ቀረሁ። እናቴን ምን ትያለሽ ያላት ሰው የለም።

ሰባት ዓመት ተናደድኩ። ቤቴል እህቴ ቤት ስሄድ የአባቴ ሳጥን ላይ የአበባ ማሰሮ ተቀምጦበታል፤ ውኃው እየፈሰሰ ዋንዛውን አጥቁሮታል። አስኮ ያለው ወንድሜ ሱቁ በር ላይ አቁሞ ከጠዋት እስከ ማታ ማስታወቂያ ያስለፈልፍበታል። ታናሻችን ደግሞ አልጋ ሥር ከቶ "መታሰቢያ ነው" ይለኛል። አልጋ ሥር የሚታሰብ አባት አላውቅም። ሪሲቨሩም ቆሞ ከርሞ አልበራ ሲለኝ፣ ይታይልኝ ብዬ አጣና ተራ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ብወስደው ክዳኑን ከፍቶ "ብሮ፣ ትራንስፎርመሩን ልግዛህ፤ ሌላው ቆሻሻ ነው" አለኝ። መዳፍ የምታክል የብሉቱዝ ስፒከር እያሳየ "ይቺ ትበልጠዋለች" ሲለኝማ ደሜ ፈላ። አሸክሜ ተመለስኩ።

እናቴ እሑድ እሑድ "አስጠግነህ ባለው በአንዱም ቢሆን እስቲ አሰማኝ" ትለኛለች። አራቱ ሳይሟሉ አይነካም እላታለሁ። ሳጥኖቹን መልሱ ለማለት ግን አፌ አይላቀቅም። እነሱ አፍረው ያምጡ እንጂ እኔ ታላቃቸው ልለምን?

ባለፈው ዓመት የድሮ ዕቃ የሚወድ ጎረቤታችን ሪሲቨሩን አይቶ፣ "እንዲህ ያለውን ዛሬ የሚሠራው የለም፤ ሽጥልኝ" አለኝ። እናቴ ከጓዳ ወጣች።

"አራቱን አንዴ ሳልሰማ ከዚህ ቤት አይወጣም" አለችው። ከዚያ ለእኔ፣ "ልጆቼን እኔው እጠራቸዋለሁ።"

ደወለችላቸው። ጎረቤታችን ሥራውን የሚያውቅ ጠጋኝ አገናኘኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሪሲቨሩ በራ። ሦስቱም ሳጥናቸውን ይዘው መጡ፤ አንዳቸውም አላንገራገሩም። እህቴ እንዲያውም "ቀደም ብለህ ብትነግረን ምን ነበረበት?" አለችኝ። ይኼም አናደደኝ።

ሳጥኖቹን በየማዕዘናቸው አቆምኩ። የእናቴን ወንበር መሃል አድርጌ፣ አባቴ የሚወደውን ካሴት ከፈትኩ። ቤቱ ሞላ። እናቴ ዓይኗን ጨፍና ጥቂት አዳመጠችና፣ "ከኋላ፣ የመስኮቱ በኩል ያለው አይሠራም" አለች።

የእህቴ ሳጥን ነበር። "አበባ ስታጠጪበት ከርመሽ ገደልሽው" ብዬ ጮህኩባት። ጎንበስ ብዬ ጆሮዬን ብለጥፍበት ጥርት ብሎ ይሰማል። ከታናሼ ሳጥን ጋር አቀያየርኳቸው።

"አሁንም የመስኮቱ ነው" አለች እናቴ።

ዘንጓን ወደ መስኮቱ ማዕዘን እስከ ጥግ ገፋኋት። ድምፁ ሁሉ ወደዚያ ሄደ፤ እኛ አራታችንም እንሰማዋለን። እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

"ለምን ቀነስከው?"

ከእኔ ቀድሞ ነገሩ ለእህቴ ገባት። ተንበርክካ በግራ ጆሮዋ በኩል ቀስ ብላ "እማዬ" አለቻት። እናቴ አልዞረችም። በቀኝ በኩል ስትጠራት ነው የዞረችው።

"ግራው ከተደፈነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው" አለች፣ ቀላል ነገር እንደሚናገር ሰው።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"መቼ ልንገርህ? ተናደህ እኮ ነው የምትውለው።"

ካሴቱ ይዞራል። የምቆጣው ሰው ፈለግሁ፤ ከራሴ በቀር አላገኘሁም።