በአንድ ዓይን የተሳለችው ነርስ

ጤና ክፍል በሠዓሊነት የተቀጠርኩ ዕለት የክፍሉ ሹም አንድ የውጭ አገር መጽሐፍ ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አድርገው፣ «ይህንኑ ገልብጥ» አሉኝ። በተከፈተው ገጽ ላይ አንዲት ነርስ አንድ ዓይኗ ብቻ እየታየ ከጎን ተስላለች፤ መርፌ ይዛ ልጅ ትወጋለች። ሥዕሉ የፈንጣጣ ክትባት መምጣቱን ለማስታወቅ በመንዝ ገበያዎች የሚለጠፍ ነበር።

«ጌታዬ፣ ከፊት ልሳላት። እኛ አገር በአንድ ዓይን የሚሳለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። ሰው በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ያየው ይህንን ነው» አልኳቸው።

«የተቀጠርከው ለጤና ነው ለደብር?» ብለው ሳቁብኝ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። አገሬን ማወቄ ጥፋት ነበር እንዴ? ትእዛዝ ነውና ገለበጥኩ፤ ተለጠፈ።

ክትባቱ ቀየት ገበያ ሲሰጥ ከከታቢዎቹ ጋር ሄድኩ። ሰዉ ሥዕሉን ያይና ልጁን በጋቢው ሸፍኖ ይመለሳል። አስካለ የምትባል እናት ልጇን ብዙነሽን አዝላ ሥዕሉ ፊት ቆመች።

«እህቴ፣ ምነው አትገቢም?» አልኳት።

«ምን ነካህ ወንድሜ? ደግ ብትሆን አንድ ዓይኗን ምን አስደበቃት? ደግሞ መውጊያ ይዛለች!»

«ሥዕል እኮ ነው።»

«የሣላትም ሰው የሚያውቃትን ነው የሣለው» አለችና ሄደች።

ለሹሙ ስነግራቸው፣ «ሕዝቡ አልሠለጠነም» ብለው ነገሩን ዘጉት። ሕዝቡማ ሥዕል ማንበብ ያውቃል! ያላወቁት እሳቸው ናቸው።

ከዚያ ወዲያ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ ማንንም ከጎን አልስልም። ዘመሮ ገበያ ዳር ተቀምጬ በከሰል ስነድፍ መጀመሪያ እጄ ተሳሰረ። ሻጭና ገዥ ሁለቱም ከፊት ተስለው ወደ ተመልካቹ እያዩ፣ እርስ በርስ መከራከራቸው በምን ይታወቅ? ፊታቸው የማይነግረውን ከእጃቸው ፈለግሁ። ገዥው የበጉን ወገብ ሲዳስስ፣ ሻጩ ገመዱን ጠበቅ ያደርጋል። አንዱ ትከሻ ዘንበል ሲል፣ ሌላው ይገታል። እንዳሻኝ ስስል በኖርኩበት ዘመን ይህን አላየሁትም ነበር።

በዚህ ደንብ ነርሷን እንደገና ሣልኳት። ሁለቱም ዓይኖቿ ተመልካቹን ያያሉ፤ ግራ እጇ የልጁን ክርን ደግፏል። ሹሙ ግን፣ «ይሄ የደብተራ ሥዕል ነው» ብለው መሳቢያ ውስጥ ቆለፉበት። እሳቸው ተዛውረው ሌላ ሹም እስኪመጣ ድረስ እዚያው ከረመ። በዚያው ክረምት ቀየት ፈንጣጣ ገባ።

ሥዕሉ በመጨረሻ ሲለጠፍ ሰዉ ተሰለፈ። አስካለም አራስ ልጇን ታቅፋ መጣች። ብዙነሽ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ቆማለች። ፊቷ በሙሉ ጠባሳ ነው፤ ግራ ዓይኗን ፈንጣጣ ወስዶታል።

አስካለ አዲሱን ሥዕል ትክ ብላ አየችው። «ያኔ እንዲህ አድርጋችሁ ብትስሏት ምን ነበረበት?» አለችኝ።

ለወጣት ሠዓሊዎች የምለው ይህን ነው። እርሳስ ከማንሳታችሁ በፊት ሥዕሉን የሚያየው ሰው ምን እንደማይቀበል ጠይቁ፤ በዚያ ገደብ ውስጥም ሣሉ። እኔን ሠዓሊ ያደረገኝ ያ ገደብ ነው። ብዙነሽ ግን ሥዕሉን ያየችው በአንድ ዓይኗ ነው።