የዓይነ ስውሩ ንጉሥ ቀስት

ልጅ እያለሁ ሲያትል ከተማ፣ ቢከን ሂል በሚባል ሰፈር ያለ ደመወዝ የምሠራ አስተርጓሚ ነበርኩ። አሜሪካ በሙሉ ለአባቴ የሚደርሰው በእኔ አፍ ነበር። አባቴ አዲስ አበባ ታሪክ አስተማሪ፣ ሲያትል መኪና አጣቢ ነበር፤ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" የምትለውን ተረት ከጸሎቱ እኩል ይደግማት ነበር።

ጎረቤታችን ባባ ከሕንድ የመጡ፣ ራጅፑት ከሚባለው የጦረኞች ወገን የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው ሄል ሄል ይሸታል። ለእኔና ለልጅ ልጃቸው ለቪጄይ ስለ ጥንቱ ንጉሣቸው ስለ ፕሪትቪራጅ ይተርኩልን ነበር። ጠላቱን ሱልጣን ድል አድርጎ በምሕረት ለቀቀው፤ ሱልጣኑ ተመልሶ ማረከው፣ ዓይኑንም አጠፋው፤ ዓይነ ስውሩ ንጉሥ ግን የሱልጣኑን ድምፅ ተከትሎ በቀስት ገደለው። እኛም የእናቴን ሻሽ ዓይናችን ላይ አስረን፣ ዝናብ ዝናብ በሚሸተው ኮሪደር ውስጥ በድምፅ እየተፈላለግን የቴኒስ ኳስ እንወራወር ነበር። ሱልጣን ልሁን የሚል ስለሌለ በዕጣ ነበር የምንለየው።

ባባ ዓይናቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ሳይሳካ ሲቀር አባቴ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃቸው ሄደ፤ የታመመ ጎረቤት አለመጠየቅ ነውር ነው። እኔ እንደ ወትሮው መሐል ተቀመጥኩ። ባባ ንጉሣቸውን አነሱ። እሱ ያለ ዓይን ዒላማውን ከመታ እኔም እኖራለሁ አሉ። ተረጎምኩ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"በላቸው፣ ይሄ ተረት ነው። ንጉሡ እንደተማረከ ብዙም ሳይቆይ ተገደለ። ሱልጣኑ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖሯል።"

ባባ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

"አባቴ ቀስቱ አልሳተም ይላል" አልኳቸው በእንግሊዝኛ።

የአባቴን እጅ ዳብሰው ያዙና ግንባራቸው ላይ አስነኩት። አባቴ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። የተማረ ሰው እውነት ሲነገረው አይቀየምም አለኝ።

ቆይቼ ስለ ንጉሡ አነበብኩ። አባቴ ልክ ነበር። ንጉሡ ግን በአገሩ ሐውልት ቆሞለታል፣ ፖለቲከኞች በስሙ ይምላሉ፤ የሞተ ንጉሥ መልስ ስለማይሰጥ ለሁሉም ይመቻል።

አባቴ አሁን ከሲያትል ወጣ ብላ ባለችው ፌደራል ዌይ ይኖራል። ስኳር በሽታ ዓይኑን ጨርሶታል። ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ የዓይኑ ብርሃን እንደማይመለስ ነገረን፤ ማለቴ ለእኔ ነገረኝ። አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"ምን አለ?"

ልጅ ሆኜ አንድ ዓረፍተ ነገር ማጣመም ኳስ እንደ መወርወር ነበር። አሁን ምላሴ መረረኝ።

"ሊሻልህ ይችላል አለ፣ አባዬ።"

"ጎበዝ ሐኪም ነው" አለ። "እውነቱን አይደብቅም።"

ከዚያ እጁን ዘርግቶ የሐኪሙን እጅ አየር ላይ ይፈልግ ጀመር።